ላሞች የሚዋኙበት ሐይቅ

በቻድ ምዕራባዊ ጫፍ፣ አገሪቱ ከኒጀርና ከናይጄሪያ ጋር በምትዋሰንበት በኩል፣ ስሙን ከሐይቅ የወሰደ ክፍለ ሀገር አለ። በፈረንሳይኛ «ላክ» ይሉታል፤ ሐይቅ ማለት ነው። ዋና ከተማው ቦል ይባላል። አገሪቱም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከቻድ ሐይቅ ነው።

የቻድ ሐይቅ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ከደቡብ ከሚመጣው የሻሪ ወንዝ ነው፤ በደቡብ ዝናብ ሲጠፋ ሐይቁ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የጣናን ሰባት እጥፍ ያህል ይሸፍን ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ ግን ከአሥር እጁ አንድ እጅ ያህል ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በከፊል አገግሟል።

በደሴቶቹ የሚኖሩት ቡዱማዎች ናቸው። ይህን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ሲሆኑ «የሣር ሰዎች» እንደ ማለት ነው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን የዲና ብለው ይጠራሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከብትም ያረባሉ። ኩሪ የሚባሉት ላሞቻቸው ሻኛ የላቸውም፤ ቀንዳቸው ከሥሩ ያበጠና ወፍራም ነው። ግጦሽ ፍለጋ ከደሴት ደሴት እየዋኙ ይሻገራሉ።

በሐይቁ ዳርቻና በካነም በኩል ደግሞ የካነምቡ ሴቶች ከኩሬ ላይ አረንጓዴ አልጌ ይሰበስባሉ። አሸዋ ላይ አፍስሰው እንደ ቂጣ ሲደርቅ ቆራርጠው ለገበያ ያወጡታል። «ዲሄ» ይሉታል፤ ለማሽላ ገንፎ መረቅ ይሆናል። ዛሬ በየከተማው መድኃኒት ቤት በውድ የሚሸጠው ስፒሩሊና ከዚሁ ወገን ነው። ሙያውን ልጅ የምትማረው ከእናቷ ጎን ቆማ ነው።

የቡዱማ የደንገል ታንኳ ከእኛም ጋር ያገናኘናል። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ወደ ግብፅ ተጫነ፤ ጀልባውን በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የሠሩት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። «ራ» የተባለው ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ፣ ካሪቢያን ደሴቶች ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ተጎድቶ ተተወ። ያም ሆኖ በሁለት የአፍሪካ ሐይቆች ዳርቻ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ዓለም አየ።

ዛሬ ያ ቅብብሎሽ አደጋ ላይ ነው። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቦኮ ሐራም ጥቃት ሳቢያ ብዙ የደሴት ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው በደረቅ ምድር በመጠለያ ሰፍረዋል። የኩሪ ላም ሙቀትና ደረቅ ምድር አይስማማትም፤ ከሌላ ዝርያ ጋር እየተዳቀለችም ዘሯ እየሳሳ ነው። ለአያት ደግሞ ሌላ ሐዘን አለ። ታንኳ አጎነጓጎንና ከብት ማሻገር በወሬ ብቻ አይወረስም፤ እጅና ውኃ ይፈልጋል። ከውኃው ርቆ ለሚያድግ የልጅ ልጅ አያቱ የሚያውቁት ሁሉ ተረት ሆኖ ይቀራል።

የእኛ ጣና ዛሬም አለ፤ ታንኳውም እንዲሁ። ለልጆችዎ ካርታ ዘርግተው ጣናንና ቻድን ሲያሳዩ የዚያችን ጀልባ ታሪክ ይንገሯቸው። ከዚያም እርስዎ ከአባትዎ ወይም ከእናትዎ በእጅ የተማሩት ሙያ ካለ፣ እጃቸውን ይዘው ያሳዩአቸው።