የምወዳቸው ድምፃዊ ፊት ስቆም

እናንተዬ! የምትወዱት ድምፃዊ ፊት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔን በ2016 ዓ.ም. ቦሌ ሚሌኒየም አዳራሽ ገጠመኝ። ሟቹ ታላቅ ወንድሜ፣ የቴፑን ባትሪ ለመቆጠብ ካሴታቸውን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ነበር ዘፈናቸውን ያስወደደኝ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ የኋላ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ላብ በላብ ሆነው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ሰዉ ክንዳቸውን እየጎተተ «ፎቶ! ፎቶ!» ይላል። እኔ ደግሞ ለዓመታት ያሰናዳሁት ንግግር ብን አለብኝ!

«ጋሼ፣ ወንድሜ በጣም ይወድዎት ነበር» አልኩ።

«ነበር?» ብለው ቆሙ። እጄን ያዝ አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉኝ።

ፎቶ የለኝም፤ አልቆጨኝም። ምክሬን ከሰማችሁ፣ የደከመ ሰው አትጎትቱ። አንዲት የልብ ቃል ተናገሩና መንገዱን ልቀቁለት።