ያውቁ ኖሯል? ልጅና ቁጥር

የአምስት ወር ሕፃን የመደመር ስሕተት እንደሚያስተውል ያውቁ ኖሯል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን ለሕፃናት አንድ አሻንጉሊት አሳይታ በመጋረጃ ጋረደችው። ዓይናቸው እያየ ሌላ አሻንጉሊት ከመጋረጃው ጀርባ ጨመረች። መጋረጃው ሲነሣ በሁለቱ ፈንታ አንድ ብቻ ሲያገኙ፣ ሕፃናቱ ትክክለኛውን ከሚያዩበት ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርገው አፈጠጡ። ጥናቱ የታተመው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

በስድስት ወራቸው ደግሞ 8 ነጥቦችን ከ16 ነጥቦች ይለያሉ። 8ን ከ12 ለመለየት ግን ገና ናቸው።

እስከ ሃያ በቃሉ የሚወርድ ልጅ መቁጠር ገብቶታል ማለት እንዳልሆነስ? ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይዘናጋል። የሦስት ዓመት ልጅዎ ፊት ቆርኪዎች ደርድረው «አራት ስጠኝ» ይበሉት። ዘግኖ ያገኘውን ሁሉ ሊሰጥዎ ይችላል። አምስት ቆርኪ ቆጥሮ እንደጨረሰ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ሲሉትም፣ መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና «አንድ፣ ሁለት...» ብሎ ይጀምራል። የመጨረሻዋ ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደምትናገር የሚገባው ቀስ በቀስ ነው፤ «አንድ»ን ካወቀ በኋላ «ሁለት»ን ለማወቅ እንኳ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ አይቆጡት፤ አብረውት ይቁጠሩ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ግሬግ ደንከንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በካናዳ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። የኋላ የትምህርት ውጤትን ከሁሉ በላይ ያመላከተው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የነበራቸው የሒሳብ ችሎታ ነበር። ንባብ የመጣው ከእሱ ቀጥሎ ነው። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ብሎ ለመደምደም ይህ ብቻውን ባይበቃም፣ ፊደል ላይ ብቻ ለምናተኩር ወላጆች ትልቅ ማንቂያ ነው።

ቤት ውስጥ የሚነገር ቁጥርስ? በአሜሪካ 44 ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር ሲያወሩ ለሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀረጹ። አንዱ ወላጅ ቁጥር የጠራው 4 ጊዜ ብቻ ሲሆን ሌላው 257 ጊዜ ጠርቷል! ብዙ የሰሙት ልጆች አራት ዓመት ሊሞላቸው ሲል የቁጥርን ትርጉም የተሻለ ያውቁ ነበር።

ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ፣ ልጆቻቸው በዓመቱ ውስጥ ያነሰ ሒሳብ ተምረው ተገኝተዋል። «ሒሳብ ከባድ ነው» የሚለውን ወሬ ከልጅ ጆሮ ያርቁ።

ጨዋታም ያስተምራል። ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ አራት ጊዜ ብቻ ለአጭር ሰዓት የተጫወቱ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ልጆች የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል። በቁጥር ፈንታ ቀለም ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ለውጥ አላሳዩም። የእኛው ገበጣም፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ መሄድ ያለበት በመሆኑ፣ ለዚህ የተመቸ ይመስለኛል።

ዛሬ እራት ሲቀርብ «ስንት ብርጭቆ ይበቃናል?» ብለው ልጅዎን ይጠይቁ፤ ቆጥሮም እሱ ያምጣ።