«ቅድሚያ ተፈቅዶልዎታል» የሚለው ደብዳቤና የቤት ቢል

አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመት የኖረና ቢሉን በወቅቱ የሚከፍል ሰው የፖስታ ሳጥን ከአንድ ዓይነት ደብዳቤ አይጸዳም። ስሙ በጉልህ ታትሞበት «ለዚህ ክሬዲት ካርድ ቅድሚያ ተፈቅዶልዎታል» ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ካሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሳይከፍቱት ይጥሉታል። ካርዱ እንደተሰጣቸው ቆጥረው ወዲያው ሞልተው የሚልኩም አሉ። ደብዳቤው በምን መንገድ እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን መቼ እንደሚጠቅመውም ያውቃል።

ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ድርጅቶች የአብዛኛውን የአገሬውን ጎልማሳ የብድር ታሪክ ይመዘግባሉ። ካርድ አውጪው ባንክ መስፈርቱን ይሰጣቸዋል፤ የብድር ነጥቡ ከዚህ በላይ የሆነ፣ በቅርቡ ክፍያ ያላሳለፈ፣ በዚህ ግዛት የሚኖር ይላል። እነሱም መስፈርቱን የሚያሟሉትን ለቅመው ስምና አድራሻቸውን ይሰጡታል። የፌዴራሉ የብድር መረጃ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ በምላሹም ባንኩ ስሙን ለወሰደው ሰው ሁሉ እውነተኛ የብድር ግብዣ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ሕጉ እንዲህ ጠበቅ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች፣ አንዳቸውም ሳይጠይቁ፣ ካርዱን ራሱን በፖስታ ላከላቸው። ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ፤ ያልተከፈለ ዕዳና ማጭበርበርም አብሮ መጣ። ኮንግረስ ያልተጠየቀ ካርድ መላክን የከለከለው በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት የሚመጣው ግብዣው ብቻ ሆነ።

ግብዣው የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ስም ሲለቀም የሚደረገው ማጣሪያ ነጥብ አይነካም። ሰውየው ማመልከቻውን ሞልቶ ሲልክ ግን ባንኩ ሙሉ ታሪኩን ይመረምራል፤ ገቢውንም ይጠይቃል። ስሙ ከተመረጠ በኋላ ክፍያ ካሳለፈ ወይም ገቢው ከመስፈርቱ በታች ከሆነ ሊከለከል ይችላል። ቢከለከል ምክንያቱን የማወቅ መብት አለው። ምርመራው መዝገቡ ላይ ለ2 ዓመት ይቆያል፤ ፋይኮ የሚባለው ስሌት የሚቆጥረው ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት አራት ግብዣ መቀበል፣ በተለይ ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ሰው፣ አይመከርም። ደብዳቤው እንዳይመጣበት የሚፈልግ በ1-888-567-8688 ደውሎ ለ5 ዓመት ማስቆም ይችላል። የሚጥለውም ቀዳዶ ይጣለው፤ በሰው ስም ካርድ ለማውጣት የሚፈልግ ሌባ የሚያድነው እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው።

አዲስ ለመጣ ሰው ደግሞ ደብዳቤው ጭራሽ አይደርሰውም። አዲስ አበባ እያለ ለዓመታት ዕቁቡን ሳያጓድል የጣለ፣ የባንክ ብድሩን በቀኑ የከፈለ ሰው አሜሪካ ሲገባ መዝገቡ ባዶ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ታማኝነቱ አብሮት ተሻግሯል፣ ወረቀቱ ግን አልተሻገረም። የተለመደው መውጫ መያዣ የሚጠይቅ ካርድ ነው። 200 ዶላር አስይዞ የ200 ዶላር ገደብ ያለው ካርድ ያወጣል፤ በየወሩ ጥቂት ይገዛበታል፣ ሙሉውን ይከፍላል። ከ300 እስከ 850 በሚደርሰው የፋይኮ ነጥብ ውስጥ 35 በመቶው የሚመዘነው በክፍያ ታሪክ፣ 30 በመቶው በዕዳ መጠን ነውና ይህ ትንሽ ልማድ ብዙ ያነሳል።

አሁን ወደ ካሽባኩ፣ ማለትም ካርዱ ከተከፈለበት ላይ መልሶ ወደሚሰጠው ገንዘብ። ግብዣዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያማልሉት በዚሁ ነው። ሲርስ የተባለው የመደብር ኩባንያ በ1986 ያወጣው ዲስከቨር ካርድ ልማዱን በአገሩ ሁሉ አስፋፋው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሬስቶራንትና ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ደንበኛ 100 ዶላር በካርድ ሲከፍል 2 ወይም 3 ዶላር ያህሉ ከእነሱ ላይ ይቆረጣል። ካሽባኩ ከዚያ ይወጣል። ዕዳ እያሳደሩ ወለድ የሚከፍሉትም ያዋጣሉ።

መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የመኪና ኢንሹራንስ በወር 600 ዶላር የሚወጣበትን ቤት እንውሰድ። 2 በመቶ የሚመልስ ካርድ በወር 12፣ በዓመት 144 ዶላር ይሰጣል። እንደ ሲቲ ደብል ካሽ ያለው ካርድ 1 በመቶውን ሲገዙ፣ ሌላውን 1 በመቶ ደግሞ ሲከፍሉ ይሰጣል። ቢል መከፈሉ ስለማይቀር ለካሽባክ ብሎ አዲስ ነገር መግዛት የለም፤ የቤት ወጪን ለዚህ ተመራጭ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ሆኖም እያንዳንዱን ቢል ለየብቻ ማየት ግድ ነው። የመብራት ኩባንያው በካርድ ለሚከፍል ሰው 3 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ቢጨምር፣ ከ120 ዶላር ቢል የሚመለሰው 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ስለሆነ 60 ሳንቲም ኪሳራ ነው። አንዳንድ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎችም የ5 ወይም የ10 ዶላር ወርኃዊ ቅናሽ የሚያደርጉት ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ለሚከፍል ብቻ ነው። የ80 ዶላር ኢንተርኔት በካርድ ቢከፈል የሚመለሰው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው፤ እዚህ ላይ ካርዱን ትቶ ቅናሹን መውሰድ ያዋጣል። የቤት ኪራይንም በካርድ መክፈል አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም።

ከሁሉም የሚከፋው ወለዱ ነው። የካርድ አማካይ ወለድ ከ2023 ወዲህ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። 600ው ዶላር ሳይከፈል አንድ ወር ቢያድር ብቻ 10 ዶላር ያህል ወለድ ይወልዳል፤ የወሩ ካሽባክ አብዛኛው በዚያው አለቀ። ዕዳ ያሳደረ ሰው ወለድ የማይታሰብበትን የእፎይታ ጊዜም ያጣል፤ የሚቀጥለው ወር ቢል ካርዱ ላይ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥርበታል።

ስለዚህ ካርዱ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው አውቶማቲክ ክፍያውን ማስተካከል ነው። ምርጫው ላይ ዝቅተኛው ክፍያና የስቴትመንቱ ሙሉ ሒሳብ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ሁለተኛው ይመረጥ። የተጠራቀመውን ካሽባክ ወደ ባንክ ሒሳብ ማዛወር ወይም ከካርዱ ዕዳ ላይ ማስቀነስ ይቻላል። ከዕዳው ላይ የተቀነሰው ግን እንደ ወሩ ዝቅተኛ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፤ በእሱ ተማምኖ የመክፈያውን ቀን ያሳለፈ ሰው የመዘግየት ቅጣት ይጣልበታል።