የካርቱም ብርድና የግድግዳው እንሽላሊት፦ ተረትና እውነታ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካርቱም ከሐሩሯ ትንሽ ታርፋለች። የሰሜኑ ንፋስ ይነፍሳል፤ በጥር ወር ቀኑ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሞቅም ንጋት ላይ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ሳይበትናቸው በፊት በካርቱም ሁለትና በአጎራባቹ ዴም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ወቅት ያውቁታል። በበረንዳው አምፖል ዙሪያ አድፍጦ ነፍሳት የሚጠብቀውን እንሽላሊትም እንዲሁ። ስለ እንሽላሊቱ የሚወራው ግን ከእውነታው የራቀ ነው፤ በወሬው የተነሳም ማንንም የማይጎዳ ፍጥረት በጫማና በመጥረጊያ ይገደላል።

ተረት፦ «ይሄ ሳላማንደር ነው።»

እውነታ፦ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ሳላማንደር የለም። በመላው አፍሪካ ሳላማንደር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን ምዕራቡ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ሳላማንደር የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ ቆዳው እርጥብ ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ የፊት እግሩም አብዛኛውን ጊዜ አራት ጣት ብቻ አለው። የግድግዳው እንሽላሊት ግን ከገበሎ አስተኔዎች ወገን ሲሆን ቆዳው ደረቅና ቅርፊታም፣ ጣቶቹም አምስት ናቸው። በአባይ ሸለቆ ከግብፅ እስከ ሱዳን፣ በኢትዮጵያም ጭምር የሚገኘው ታሬንቶላ አኑላሪስ የተባለው ዝርያ ትከሻው ላይ ባሉት አራት ነጭ ነጠብጣቦች ይለያል።

ኢትዮጵያ ሳላማንደር ባይኖራትም በእንቁራሪት ወገኖች ባለጸጋ ናት። ከ70 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውባታል፤ ከእነዚህም ከ40 በመቶ የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች አፈር ውስጥ የሚኖር፣ እግር የሌለውና ሲያዩት ትል የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድም አላት።

ተረት፦ «ብርዱ ቀላል ከሆነ እነዚህን እንስሳት ማየት ይቻላል፤ ከበረታ ግን ይጠፋሉ።»

እውነታ፦ ለሳላማንደር ከሙቀቱ እኩል እርጥበቱ ወሳኝ ነው። አየር የሚስበው በከፊል በቆዳው ስለሆነ ከደረቀ ይሞታል። በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ዝናብ የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው። ስለዚህ ሳላማንደር ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ብርዱ ለዘብ ያለበትንና ዝናብ የጣለበትን ምሽት ጠብቆ የእጅ ባትሪ ይዞ ይወጣል። በካርቱም ነገሩ ተቃራኒ ነው። የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ እሱም በአብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሚጥል እንቁራሪቶች የሚንጫጩት ያኔ ነው።

እንሽላሊቱ ግን በድርቅ አይቸገርም። ቅርፊቱ ውኃውን ይይዝለታል፤ እንቁላሉም ልባስ አለው። የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ጋር ስለሚለዋወጥ ብርዱ ሲጠና በስንጥቅ ውስጥ ይቆያል እንጂ ከአገር አይጠፋም። የከሰዓት ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለ የጡብ ግድግዳ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በብርዱ ወራት ሊያየው የሚፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ የዞረውን ግድግዳ፣ ገና እንደመሸ ቢመለከት ይሻለዋል።

ተረት፦ «ሰውን ከላሰ ለምጽ ያወጣል፤ ምራቁ መርዝ ነው።»

እውነታ፦ ከግድግዳ እንሽላሊቶች ወገን አንድም መርዛማ ዝርያ አይታወቅም። ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። ከለምጽ ጋር የሚምታታውን የሥጋ ደዌን የሚያመጣው ደግሞ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ነው። እንሽላሊት በሁለቱም የለበትም። እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ኩሱ ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ ሕመም አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ምግብና ውኃ መከደን፣ ኩሱን ያጸዳ ሰውም እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

ተረት፦ «እግሩ ላይ ሙጫ አለው።»

እውነታ፦ እግሩ ደረቅ ነው። ከጣቶቹ ሥር ብዛት ያላቸው እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ፤ ቶካይ በተባለው የእስያ ዝርያ ላይ በተደረገው ጥናት በአንድ እግር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተገኝተዋል። የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ደግሞ በመቶዎች ይከፋፈላል። እነዚህ ጫፎች ግድግዳውን በጣም ተጠግተው ሲነኩ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ ስበት ተደምሮ እንሽላሊቱን ጣሪያ ላይ ያንጠለጥለዋል። ኬላር ኦተምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2002 ባወጧቸው ጥናቶች ይህን አሳይተዋል።

ተረት፦ «እሱ ካለ አጎበር አያስፈልግም።»

እውነታ፦ ትንኝ፣ የእሳት ራትና በረሮ ይበላል፤ በዚህ ባለውለታ ነው። ነገር ግን የሚያድነው አምፖል ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ነው። የወባ ትንኝ የምትፈልገው የተኛውን ሰው ስለሆነ አጎበሩ ባለበት ይቆይ።

ተረት፦ «ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ይዞ ማስቀመጥና በፍላሽ ማንሳት ያስፈልጋል።»

እውነታ፦ ጭራውን የያዘ ሰው እጁ ላይ ጭራው ብቻ ይቀራል። አዲስ ጭራ ቢበቅልም እንስሳው ስቡን የሚያጠራቅመው እዚያ ስለሆነ፣ ነፍሳት በሚቀንሱበት የብርድ ወቅት ስንቁን ያጣል። ፍላሹም ቢሆን ዓይኑን ይፈትናል። ሮትና ኬልበር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ የዚሁ የታሬንቶላ ወገን የሆነ አንድ ዝርያ ሰው ቀለም መለየት በማይችልበት ደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን ቀለም ይለያል። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ከቅርብ ፍላሽ ማብራት ተገቢ አይደለም።

መደበኛ የስልክ ካሜራ ይበቃል። የእጅ ባትሪውን ሌላ ሰው ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጎ ቢይዘው ጥላው የቅርፊቱን ቅርጽ ያወጣዋል፤ ብርሃኑም ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ፎቶ አንሺው በዝግታ ይጠጋል፤ እንሽላሊቱ መንቀሳቀስ ከጀመረ ባለበት ይቆማል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ፎቶ ደግሞ ትከሻውንና የእግር ጣቶቹን ያሳይ፤ ዝርያው የሚለየው በእነሱ ነውና። ቀኑና ሰፈሩ ተጽፎ አይናቹራሊስትን በመሰለ የተፈጥሮ መመዝገቢያ ላይ የተጫነ ፎቶ ከካርቱም ይነሳ ከባሕር ዳር፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው ወር የት እንደታየ ለሚያጠኑ ሰዎች መረጃ ይሆናል።