ፓስፖርት ከአንዱ፣ የሥራ ውል ከሌላው

ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ተነስቶ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ጉዳዩ በሁለት መሥሪያ ቤቶች የተከፈለ ነው። በ1987 ዓ.ም. ኢሚግሬሽን ከደኅንነትና ከስደተኞች ጉዳይ ጋር በአንድ ባለሥልጣን ሥር ተዋቀረ። በ2011 ዓ.ም. ለሰላም ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነ ኤጀንሲ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሆነ። የሥራ ስምሪቱ ግን ቀድሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ አሁን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ፓስፖርት ድንበር ያሻግራል እንጂ ደመወዝ አያስከብርም፤ ለዚያ የጸደቀ ውል ያስፈልጋል። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ስምሪቱን ሲያግድ፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ሕጋዊው በር ተዘጋ፤ በሎጊያና በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚደረገው ጉዞ ግን አልቆመም።

ስለዚህ ልጁን የሚልክ የወልዲያ ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው «ፓስፖርቱ ወጣ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ውሉ ጸደቀ ወይ?» ብሎ ጭምር ነው።