ከሐረጎ ቁልቁል እስከ የጎፍ ደን

ወሎ ሲባል ለብዙዎቻችን በሐሳብ የሚደቀነው የተራቆተ ኮረብታ ነው። በ1965 እና በ1966፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ ይህን ሥዕል ለአገሬውም ለባዕዱም አተመው። ይሁን እንጂ በክረምት ማግሥት ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በመስኮት ቢመለከት የሚያየው ሌላ ነው። ዛፍ አለ፤ እንዲያውም ብዙ ዛፍ አለ። ዛፉ ምን ዓይነት ነው፣ ማን ተከለው፣ የማንስ ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለዚህች አጭር ጉዞ ጣዕም የሚሰጣትም እርሱ ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 600 ሜትር ያህልም ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሐረጎ ነው። በደሴ ብርድ ካፖርቱን ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ካፖርቱን በክንዱ ታቅፎ ይወርዳል። ቦርከናም ከደጋው ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ያመራል።

በዚህ ቁልቁለት ግራና ቀኝ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ ለደሴ ቤት ሠሪ ማገርና ወጋግራ፣ ለእናቶች ማገዶ፣ ለገበሬው ደግሞ የቁጠባ ሣጥን ሆኗል። ልጅ የሚድር ወይም ግብር የሚከፍል ሰው ጥቂት ግንድ ቆርጦ ይሸጣል፤ ጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል። ወቀሳው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚወቅሰው ሰው ምሳው በምን እንደ በሰለ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የዱሮውን ዱር ለማየት የሚሻ ሰው ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዙር። በዚያ በኩል የሚታየው ተራራ የጎፍ ነው። ደኑ በመንግሥት ቅድሚያ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ከተለዩት 58 የአገራችን ደኖች አንዱ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ እግረኛ በመጀመሪያ በክትክታና በአጋም ቁጥቋጦ መካከል ያልፋል። ከዚያ ሰው የተከለው የፈረንጅ ጥድ አለ፤ እንደ ወታደር በሰልፍ የቆመ፣ ከሥሩም ጨለማ የሆነ ነው። ከዚያም አገር በቀሉ ጥድና ወይራ ይገናኛሉ። እዚህ ሰልፍ የለም፤ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱ ተጠማዟል፣ ከቅርንጫፉም ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ሽታውም ወይራ ለሚታጠንበት ቤት ልጅ ሁሉ የታወቀ ነው፤ የእናቱን የወተት ዕቃ ያስታውሰዋል።

ከተራራው ግርጌ ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ ብታገኙ፣ ሰላምታ አቅርባችሁ «አባባ፣ ይህ ደን የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የመንግሥት ነዋ፣ ልጄ» የሚል ነው። «ያኛው ባሕር ዛፍስ?» ብትሉ፣ «ያማ የኔው ነው» ይሏችኋል። በእነዚህ ሁለት መልሶች ውስጥ የወሎ ደን ታሪክ አለ። ከረኃቡ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ስንዴና ዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፤ ብዙ ኮረብታም ከከብት ተከለለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከተከላው ብዙው በአጭር ጊዜ ተመነጠረ። ቆራጮቹ ደን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ግጦሻቸው ሲታጠር ያልተጠየቁ፣ ዛፉ ሲያድግም የእነርሱ እንደሚሆን ያላመኑ ሰዎች ነበሩ።

ሁሉም ነገር እየጠፋ ነው ለሚል ሰው ግን የሚያስገርም ማስረጃ አለ። አርማንዶ ማውጂኒ የተባለ ጣልያናዊ የእርሻ ሊቅ በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ እየተዘዋወረ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ በዚያው ሥፍራ ቆሞ ሌላ ፎቶግራፍ በማንሣት ሁለቱን አስተያየ። በብዙው ሥፍራ ዛፉ ከጥንቱ በዝቶ ተገኘ። የበዛው ግን በአመዛኙ ገበሬው በየደጃፉ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ስለዚህ የዛፉ ቁጥር ቢጨምርም፣ ጥድና ወይራው አብረው ጨምረዋል ማለት አይደለም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰለን። በቤልጅግ አገር የሉክሰምቡርግ ጠቅላይ ግዛት ከግማሽ የማያንሰው መሬቱ ደን ነው፤ ጎብኚውም አርደን የተባለውን ተራራማ ክፍል ሲያይ የጥንት ዱር ይመስለዋል። ነገር ግን በ1847 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ጠፍ የተባሉት የመንደር መሬቶች እንዲለሙ ስላዘዘ፣ በጎች ይሰማሩበት በነበረው ሜዳ ላይ ስፕሩስ የተባለው ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ ተተከለ። ዛሬ የአውሮፓ ሰው ለዕረፍት የሚሄድበት ጫካ ከፊሉ እንዲህ የመጣ ነው።

ጊዜ የተረፈው ሰው ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅን ይይ። ከ13ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛፍ ተከቦ ከውኃው ዳር ይገኛል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። የገዳም ዛፍ ዘበኛ ሳይቆምለት እንዴት እንደ ቆየ ማየት ለደን ሠራተኛ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

ለመንገደኛው ጥቂት ቃል፦ የአካባቢው ጸጥታ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ደሴና ኮምቦልቻም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስላለፈባቸው፣ ከመነሣት አስቀድሞ አገሬውን መጠየቅ ግድ ነው። ወደ የጎፍ የሚወጣ ጧት ይነሣ፤ መንገድ የሚያሳይ የአካባቢውን ሰው ይያዝ፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ይስማማ። ጫማው ወፍራም ይሁን፤ አጋም እሾኽ አለው። ውኃና ዳቦ ከኮምቦልቻ ይገዛ፤ ከተራራው ላይ ሱቅ የለም። ካፖርቱንም አይተው፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጥዱ መካከል ሲወርድ ብርዱ የደሴን ያህል ነው።