የጓሮ ዘር በፖስታ ስለ መላክ

በዚህ የቤተሰብ ገጽ ስለ ልብስ አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ምግብ አሰናዳድ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የምንጽፈው ከእነዚህ ሁሉ ስለሚያንስ ነገር ነው፤ ይኸውም ከአንድ ጭብጥ የማይበልጥ የጓሮ ዘር በደብዳቤ ውስጥ ተከቶ ሲላክ፥ ሳይደቅና ሳይሻግት ነፍሱን ይዞ ወደ ተቀባዩ እጅ የሚደርስበት መንገድ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስንት ዘር በዚህ ቀላል ነገር እንደሚጠፋ የሚያውቀው ጠብቆ የከሰረ ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው እኔም ከከሰሩት አንዱ ነኝ። በደብረ ማርቆስ ይኖሩ የነበሩት አክስቴ በጓሯቸው የሚያበቅሉት ጎመን ነበራቸው፤ ቅጠሉ ሰፊ፥ ግንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፥ በጥር ብርድ የማይደነግጥ። በየዓመቱ ከሁሉ የበለጠውን ሦስት አራት እግር ሳይቀጥፉ ለዘር ይተዉት ነበር። ዘሩንም ከእናታቸው ስለ ተቀበሉት ከገበያ ገዝተው አያውቁም። በአንድ ነሐሴ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ፥ ጅማ ለምትኖር እኅቴ እንድልክላት ብለው ከጓዳ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ዘለላ አውርደው፥ አሽተው አንድ እፍኝ ሰጡኝ። እኔም ይጠበቅ ብዬ በላስቲክ ከረጢት ጨምሬ አፉን አጥብቄ ቋጥሬ ላክሁት። ደብዳቤው ጅማ ደረሰ፤ እኅቴ ስትከፍተው ግን ዘሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ፥ አመድማ ሻጋታ ለብሶ ነበር። እኔን ላለማሳዘን ብላም ሳትጽፍልኝ ቀረች። ነገሩን በሰማሁ ጊዜ አክስቴ ዐርፈው፥ ጓሯቸውም ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ነበር። ፖስታ ቤቱ አንዳች አላጠፋም፤ አደራውን አድርሷል። ዘሩን የገደልሁት እኔ ነኝ።

ዘር የሞተ ነገር አይደለም፤ ስንቁን ይዞ የተኛ ሕይወት ነው፥ በእንቅልፉም በጥቂቱ ይተነፍሳል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ትንፋሹ ይፋጠናል፥ ስንቁንም ሳይበቅል ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሻጋታ ሲሳይ ነው። ሃሪንግተን የተባለው የዘር ሊቅ ባወጣው ግምታዊ ደንብ፥ በዘሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቍጥር፥ እንዲሁም የሚቀመጥበት ስፍራ ሙቀት 5 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር፥ ዘሩ በሕይወት የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የላኪው ሥራ የሚዠምረው ከፖስታው ሳይሆን ከማድረቁ ነው።

ዘር የሚደርቀው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ፥ በወረቀት ወይም በሰፌድ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ ነው። በቀትር ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ማስጣት ወይም በምድጃ ዳር ማስቀመጥ ግን ልቡን ይገድለዋል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ለዘር እሳት ነው። መድረቁን ለማወቅ ከዘሩ ጥቂት ተወስዶ፥ ፈጽሞ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ከደረቅ ጨው ጋር ይወዝወዝ፤ ጨው በጠርሙሱ ገላ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው። ለዚህ ፈተና የዋለው ዘር አይላክ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ በክረምት መላክ ግድ ከሆነ ግን ሩዝ እስኪቀላ ድረስ ቈልቶ፥ በተከደነ የመስተዋት ዕቃ አቀዝቅዞ፥ ዘሩን በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በላዩ ማኖርና ሁለት ሳምንት ያህል አጥብቆ መክደን ነው። ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣዋል። እንዲህ ከደረቀ በኋላ ላስቲክም ቢሆን ጠላት አይሆንም፤ ባልደረቀው ላይ ግን የመቃብር ድንጋይ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው በወረቀት ይላክ።

ለወረቀቱ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። ከስንዝር በስንዝር የተቈረጠ ንጹሕ ወረቀት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሁን፤ ረጅሙ ጠርዝ ወደ እርስዎ፥ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይዙር። የቀኙ ጫፍ ወደ ግራው ጠርዝ መካከል፥ የግራውም በላዩ ወደ ቀኙ ጠርዝ መካከል ይታጠፍ፤ ከላይ በቀሩት ሁለት ሹል ቅጠሎች መካከል አፍ ያለው ኪስ ይገኛል። ዘሩ በዚያ ከገባ በኋላ ሁለቱ ቅጠሎች በአንድነት ወደ ፊት ታጥፈው፥ ከፊት በተደረበው እጥፋት ውስጥ ይሸጐጣሉ። ሙጫም ስፒልም አይሻም። ጤፍን የመሰለ ደቃቅ ዘር ግን በማዕዘኖቹ ስለሚያመልጥ በሁለተኛ ወረቀት፥ አፉ ወደ ታች ተገልብጦ ይደገምለት፤ ስሙ የወጣው ከመጥፋት ነው መባሉ በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ የሚያስፈራው መደቆስ ነው። በብዙ አገር ደብዳቤ ሁሉ በመኪና ጥቅልሎች መካከል ያልፋል፤ ማኅተሙ በእጅ በሚመታበት ስፍራም ቢሆን ክንዱ ከባድ ጸሐፊ አይጠፋም። ጎመን፥ ሽንኩርትና ቲማቲም ከወፍራም ካርቶን በተቈረጠ መስኮት ውስጥ ቢተኙና ከላይና ከታች ስስ ካርቶን ቢደረብላቸው ይበቃል። ባቄላና የዱባ ፍሬ ግን ከደብዳቤ ጋር አይስማሙምና በትንሽ ሣጥን፥ ጥጥ ተደርጎላቸው ይሂዱ። ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ ነቀዝን በውስጣቸው ይዘው ሊሄዱ ስለሚችሉ፥ በሚገባ ከደረቁ በኋላ በረዶ በሚያደርገው ማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ያህል ይቈዩ፤ ያልደረቀውን ዘር ግን ብርዱ ራሱ ይገድለዋል።

ዋጋውን እናስላ። በብዙ አገር የደብዳቤ ታሪፍ የሚዠምረው እስከ 20 ግራም ካለው ነው። ማሸጊያው ፖስታና አንድ ገጽ ደብዳቤ 10 ግራም ያህል ይወስዳሉ፤ ካርቶኑ 5 ግራም ቢፈጅ 5 ግራም ለዘር ይተርፋል። ይህም ከሺህ የሚበልጥ የጎመን ፍሬ ነው። ጤፍ ቢሆን በአንዲት ግራም ውስጥ 3000 ያህል ይገኛልና ቍጥሩን ለአንባቢው እንተዋለን። ለጓሮ ሁለት መቶ ፍሬ የሚበቃት እመቤት አንድ እፍኝ እንዲላክላት መሻቷ ቴምብር ማባከን ነው።

ከዚህ ሁሉ ደንብ የሚያፈነግጥ አለ፤ ቡና ነው። የቡና ፍሬ እንደ ጎመን ጨርሶ ከደረቀ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ ቀዩ ልጣጩ ተልጦ፥ ውስጠኛው ስስ ቅርፊቱ ሳይለቅ፥ በጥላ ጠፈፍ ብሎ፥ በትንሹ በረጠበ የከሰል ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ በፍጥነት ይላካል። አቡካዶና ማንጎ ደግሞ መድረቅን ፈጽሞ አይችሉም። በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ጆን ኤሊስ እንዲህ ያሉትን ዘሮች ከሩቅ አገር ለማምጣት ሲጨነቅ፥ የባሉጥ ፍሬ በሰም ለብጦ አንድ ዓመት ሙሉ በሕይወት አቈይቷል።

በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው ነገር እንደ ዘሩ ያህል ይከበር። ስሙ፥ የተለቀመበት ስፍራና ዓመት፥ ደጋ ይሁን ወይናደጋ ወይም ቈላ፥ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። በ1919 ዓ.ም. የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ አገራችን መጥቶ፥ በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፥ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛዎች አንዷ ብሎ ለመጻፍ የቻለው ዘሩ ከየት እንደ ተነሣ ስለ ተመዘገበ ነው፤ ስፍራው ያልተጻፈበት ዘር ለሊቁ ፍሬ ብቻ ነው።

ስለ ውጭ አገር የሚከተለውን እንጨምራለን፤ ይህንንም በልጆቻቸው ናፍቆት ምክንያት የጥቁር አዝሙድና የጤና አዳም ዘር ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ዓረብ አገር ለመላክ የሚሹ ወላጆች ልብ ይበሉ። አገራችን ከዓለም የፖስታ ኅብረት የገባችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ይሁን እንጂ ዘር እንደ ደብዳቤ ዝም ብሎ ድንበር አይሻገርም። በዐዋጅ ቍጥር 482/1998 መሠረት ያለ ፈቃድ ዘር ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ ወደ ካሊፎርኒያ ገብስ መግባቱን የሚያውቅ ሰው፥ አንድ እፍኝ ዘር ምን ያህል ሀብት እንደሚይዝ አይጠፋውም። ተቀባዩ አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ ለሚገባ ለማናቸውም የተክል ዘር ይህን ግድ አድርጓል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ጥቅል በፖስታ ደርሷቸው መንግሥቱ እንዳይዘሩት ካስጠነቀቀ ወዲህም ጥርጣሬው አልቀነሰም። ይህን ወረቀት ሁሉ አሟልቶ መላክ ርካሽ አይደለም፤ ለናፍቆት ከሆነ የተፈጨው ቅመም ይሻላል።

ወደ አክስቴ ጎመን እንመለስ። ለሙት ዓመታቸው ደብረ ማርቆስ በሄድሁ ጊዜ አንዲት ጎረቤታቸው፥ «የእርሳቸው ጎመን እኮ በእኔ ጓሮ አለ፤ ዘሩን እየተቀባበልን ነበር» አሉኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ዘሩን በጥላ ዘጠኝ ቀን አሰጥቼ፥ በጨው ፈትኜ፥ በሦስት ወረቀት ከፍዬ በሦስት ደብዳቤ፥ በየሳምንቱ አንዱን ላክሁ፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ እንዲተርፉ። እኅቴ ከመጀመሪያው ጥቅል ዐሥር ፍሬ ቈጥራ በረጠበ ጨርቅ ላይ አኖረች፤ በአራተኛው ቀን ስምንቱ ጐንቍለዋል ብላ ጻፈችልኝ። የቀሩትን ሁለት ጥቅሎች ግን እስከ ዛሬ አልከፈተቻቸውም፤ በተከደነ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ፥ ከአክስታችን ፎቶግራፍ አጠገብ ተቀምጠዋል።